ቁልቋልና በለስ ዘመድ ናቸው? ዕፅዋትን ቆርጦ፣ ውስጣቸውን አይቶ መለየት

የሐይቁ መምህር፦
እንደምን ሰነበታችሁ። ሐይቅ ከተማ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ሰሞኑን የዕፅዋት ምደባ ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ለተማሪዎቼ የቤት ሥራ ሰጠኋቸው፤ ዘመዳሞች ናቸው ብላችሁ የምታምኑባቸውን ሁለት ዕፅዋት ይዛችሁ ኑ አልኳቸው። ባቄላና አተር የያዘው ብዙ ነው። ከኋላ ወንበር የማይጠፋ አንድ ልጅ ግን በማዳበሪያ ከረጢት ሁለት ቁልቋል ተሸክሞ መጣ። አንደኛው ለአጥር የምንተክለው፣ ቅርንጫፎቹን እንደ መቅረዝ ወደ ላይ የሚያነሣው ነው። ሁለተኛው በክረምት ፍሬውን የምንበላው፣ አንዳንዴ በለስ አንዳንዴም ቁልቋል እያልን የምንጠራው ነው። «መምህር፣ ስማቸው አንድ፣ እሾሃቸው አንድ፣ ውኃ ማጠራቀማቸውም አንድ፤ ከዚህ በላይ ምን ዝምድና አለ?» አለኝ። ክፍሉ በሙሉ አብሮት ሆነ።

ምላጭ አወጣሁ። የአጥሩን ቁልቋል ገና ጫር ሳደርገው ነጭ ወተት ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። በለሱን ለሁለት ሰነጠቅሁት፤ የወተት ዘር የለውም። ተልባ ውኃ ውስጥ ሲያድር የሚያወጣው ዓይነት ዝልግልግ ነገር ብቻ ምላጩ ላይ ተሳበ። ልጆቹ ዝም አሉ።

ያችን ወተት ጠብታ መስታወት ላይ አድርጌ ከመድኃኒት ቤት የገዛሁትን አዮዲን ጨመርሁባትና በትምህርት ቤታችን ብቸኛ ማይክሮስኮፕ አየናት። በወተቱ ውስጥ የስታርች ቅንጣቶች ይዋኛሉ፤ አዮዲኑ ጥቁር ሰማያዊ አድርጓቸዋል። ቅርጻቸው እንደ ድንች ስታርች ድቡልቡል አይደለም፤ መሐሉ ቀጥኖ ሁለት ጫፉ ያበጠ አጥንት ነው የሚመስለው። ይህ ቅርጽ ዩፎርቢያ የሚባለው የቁልቋል ወገን ምልክት ነው። የበለሱን ስስ ቁራጭ ስናየው ደግሞ ሕዋሳቱ ውስጥ ኮከብ የሚመስሉ ክሪስታሎች ታጭቀዋል። እሾሁም ቢሆን ቀረብ ብላችሁ ካያችሁት ይለያል። የአጥሩ ቁልቋል በጠርዙ ላይ ሁለት ሁለት እሾህ ያወጣል፤ በለሱ ግን ከትንሽ የጸጉር ትራስ ላይ በርከት አድርጎ ይተክላል። ያች ትራስ ካክተስ በሚባለው ቤተሰብ ብቻ የምትገኝ ናት።

ስለዚህ አንደኛው የአገራችን ሰው ነው፤ ዘመዶቹ እነ ጉሎና እነ ብሳና ናቸው። ሁለተኛው ከሜክሲኮ የመጣ እንግዳ ነው። ድርቅ ሁለቱን በየአህጉራቸው አንድ ዓይነት ልብስ አለበሳቸው እንጂ እናትና አባታቸው አይተዋወቁም።

ወሎ ውስጥ ስም አንድ ያደረጋቸው፣ ምላጭ ግን የሚለያያቸው ዕፅዋት ካሏችሁ አምጡልኝ። የተገላቢጦሹም ቢሆን ይጠቅመኛል። ማሳሰቢያ፦ የቁልቋል ወተት ዓይን ያጠፋል። ከቆረጣችሁ በኋላ እጃችሁን ሳትታጠቡ ፊታችሁን አትንኩ።

ባቲ ሰኞ፦
መምህር፣ ጥሩ ነገር አነሡ። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ወተት የሚደማው ሁሉ የቁልቋል ዘመድ ነው ማለት ነው? እኛ ቆላ ውስጥ ነን። ከባቲ ወደ ታች ሲወርዱ መንገዱን ግራና ቀኝ የያዘው ጦቢያው ሲቆረጥ ከቁልቋል ባልተናነሰ ይደማል። ቅንጭብም እንደዚያው። ሾላ አለ፣ ዋርካ አለ። ጥሬ ፓፓያ በቢላ ሲነካም ወተት ያወጣል። እነዚህን ሁሉ አንድ ቤት ውስጥ ካስገቡማ ቤቱ አይበቃም።

የሐይቁ መምህር፦
ባቲ ሰኞ፣ ተማሪዎቼ ያልጠየቁኝን ጠየቅኸኝ። ከዘረዘርኸው ውስጥ የቁልቋል እውነተኛ ዘመድ ቅንጭብ ብቻ ነው። ጦቢያው የሌላ ቤተሰብ ነው፤ ሾላና ዋርካ ሦስተኛ ቤት፣ ፓፓያ አራተኛ። እዚያው ቁልቋል ቤት ውስጥ ደግሞ ጉሎ አለ፤ ጉሎን ብትቆርጠው የሚወጣው ነጭ ወተት ሳይሆን ውኃ መሳይ ነገር ነው። እንግዲህ ወተት መኖሩ ዘመድ አያደርግም፤ አለመኖሩም ከዘመድ አያስወጣም።

የሚጠቅመን ወተቱ ሳይሆን ወተቱ የሚሄድበት ቧንቧ ነው። የቁልቋሉ ቧንቧ አንድ ሕዋስ ነው፤ ፅንሱ ገና ዘር ውስጥ ሳለ ተፈጥሮ ተክሉ ሲያድግ አብሮት እየረዘመ፣ እየተሸነቆረና ቅርንጫፍ እያወጣ ይሄዳል። መሐሉ ላይ ግድግዳ የለውም። የፓፓያው ግን ብዙ ሕዋሳት ጫፍ ለጫፍ ተገጥመው፣ በመካከላቸው ያለው ግድግዳ ፈርሶ የተሠራ ነው። ከውጭ ለሚያይ ሁለቱም ያው ነጭ ጠብታ ናቸው። በማይክሮስኮፕ ለሚያይ አንዱ ወንዝ ነው፣ ሌላው የተገጣጠመ ሸንበቆ።

ሽማግሌዎቻችን ነገር በሁለትና በሦስት ምስክር ይጸናል ይላሉ። እኔም ቁልቋሉን የፈረድሁበት በወተቱ ብቻ አይደለም፤ አጥንት መሳዩ ስታርች መሰከረ፣ ጥንድ እሾሁ መሰከረ። በአንድ ምልክት ብቻ ዝምድና የሚቆጥር ሰው ቶሎ ይሳሳታል።

የደላንታ ልጅ፦
ወተት ካነሣችሁማ ጅባራን ረሳችሁት። እኛ ደጋ ላይ ስንጠብቅ ቅጠሉን ቀጥፈን ወተቱን እጃችን ላይ እንቀባ ነበር፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ ልጅነት ነው። ከላሊበላ በላይ አቡነ ዮሴፍ ላይ የወጣ ሰው ጉም ውስጥ ቆሞ የሚያየው እሱ ነው። ከሩቅ ዘንባባ ይመስላል። አንድ ጊዜ ያብባል፣ ያችን ረጅም ዘንጉን ወደ ሰማይ ያቆማትና ይሞታል። ለእንግዳ ሰው «የተራራ ኮባ ነው» ብዬ የነገርሁበት ጊዜ አለ፤ አሁን አፈርሁ። የማን ወገን ነው?

ሌላም ጥያቄ አለኝ። ደላንታ ላይ የሚበቅለው ገብስ ነው፣ ቆቦ ላይ ማሽላ ነው። ሁለቱም ሣር ናቸው ይባላል። ታዲያ ገብስን ቆቦ ብትወስደው ሙቀቱን የማይችለው፣ ማሽላ ግን የሚችለው ምን ስላለው ነው? ቢቆረጡ ውስጣቸው ልዩነት አለው?

የሐይቁ መምህር፦
የደላንታ ልጅ፣ ጅባራ ሎቤሊያ ነው፤ ከኮባም ከዘንባባም ጋር አይገናኝም። ኮባና ዘንባባ ዘራቸው ባለ አንድ ክክ ነው፤ የጅባራ ባለ ሁለት ክክ። ቅጠሉን ወደ ብርሃን አንሥተህ ብታየው ደም ሥሮቹ እንደ መረብ ተጠላልፈዋል፤ የኮባ ግን ከመሐሉ አጥንት እየተነሡ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። የሎቤሊያ ዘመዶች ሌላ ቦታ በአብዛኛው ከጉልበት የማያልፉ ትንንሽ አበቦች ናቸው።

ሁለተኛው ጥያቄህ ግን ልቤን ነካው። የገብስና የማሽላ ቅጠል አግድም፣ በተቻለህ መጠን ስስ አድርገህ ቁረጥ። ካሮት መሐል ሰንጥቀህ ቅጠሉን እንደ ሳንድዊች ብታስገባው ምላጩ አያመልጥህም። በገብሱ ውስጥ አረንጓዴው ቀለም በእኩል ተበትኗል። በማሽላው ውስጥ ግን እያንዳንዷን ደም ሥር ትልልቅ አረንጓዴ ሕዋሳት ከበዋታል፤ አበባ ጉንጉን ይመስላል። ኦስትሪያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሃበርላንት በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ይህንን አይቶ በጀርመንኛ ክራንዝ፣ ማለትም የአበባ አክሊል አለው፤ ስሙ እስከ ዛሬ አለ። ማሽላው ካርቦን ዳይኦክሳይድን እነዚህ የጉንጉን ሕዋሳት ውስጥ ስለሚያከማች ፀሐይ በበረታበት አገር ያለ ብክነት ይሠራል። በቆሎም እንዲሁ ነው። ጤፋችንም እንዲሁ። ስንዴና ገብስ የላቸውም።

ነገር ግን ይህ አክሊል ያለው ሁሉ የአንድ እናት ልጅ ነው እንዳትል። ይህ አሠራር በዕፅዋት ዓለም ከ60 ጊዜ በላይ ለየብቻው ተፈጥሯል። በቆሎና ማሽላ እውነት የቅርብ ዘመዶች ናቸው፤ ጤፍ ግን በሣር ቤተሰብ ውስጥ ሌላ ቅርንጫፍ ላይ ነው ያለው። ሁሉንም ሣር የሚያሰባስባቸው ምልክት የትንፋሽ ቀዳዳቸው ነው። በብዙዎቹ ተክሎች ቀዳዳውን የሚጠብቁት ሁለት ሕዋሳት ኩላሊት ይመስላሉ፤ የሣሮቹ ግን ቀጭን ሆነው ጫፍና ጫፋቸው ያበጠ ነው። የገብሱም የማሽላውም የጤፉም አንድ ነው።

ጦሳ ሥር፦
መምህር፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ይህ ሁሉ የአያቶቻችን ሥራ አይደለም ወይ? እኔ ባዮቴክኖሎጂ ነው የተማርሁት። ዛሬ ቅጠል ትልካለህ፣ ዲኤንኤው ይነበባል፣ ቤተሰቡ ይታወቃል፤ አለቀ። ከ1998 ጀምሮ የአበባ ተክሎችን ምደባ እንደገና የጻፉት ሳይንቲስቶች የተማመኑት በዋነኛነት በዲኤንኤ ነው፤ በ2016 ባወጡት አራተኛ ዝርዝር 416 ቤተሰብ ቆጥረዋል። እንዲያውም «ባለ ሁለት ክክ» የሚባለው እርስዎ የሚያስተምሩት ክፍል ራሱ እንደ አንድ ወገን አይቆጠርም። በምላጭና በካሮት ዘመን የተሠራው አብዛኛው ፈርሷል። ልጆቹን ለምን በአሮጌ ነገር ያደክሟቸዋል?

ባቲ ሰኞ፦
ጦሳ ሥር፣ ወንድሜ፣ ቅጠሉን የምልከው ወዴት ነው? ክፍያውንስ አንተ ትችልልኛለህ?

የሐይቁ መምህር፦
አትጣሉ። ጦሳ ሥር ያለው እውነት ነው፤ «ባለ ሁለት ክክ» አሁን እንደ አንድ ወገን አይወሰድም፣ ይህንንም ለተማሪዎቼ እነግራቸዋለሁ። «ፈርሷል» ያለው ላይ ግን አልስማማም። ሁለት ነገር ላሳይ።

ነገ ጠዋት ሎሚ፣ ጤና አዳም፣ ባሕር ዛፍና ዘይቱን እያንዳንዳቸው አንድ ቅጠል ቅጠፉ። ወደ ፀሐይ አንሥታችሁ በቅጠሉ ውስጥ እዩ። አራቱም በመርፌ የተወጉ ይመስል ብርሃን የሚያሳልፉ ጥቃቅን ነጥቦች አሏቸው፤ ዘይት ያቆሩ ከረጢቶች ናቸው። ሽታቸው ከዚያ ነው የሚመጣው። ይህን ብቻ ያየ ሰው አራቱን አንድ ቤት ያስገባቸዋል። ግንዳቸውን ስትቆርጡ ግን ሌላ ነገር ይወጣል። በባሕር ዛፍና በዘይቱን ግንድ ውስጥ ምግብ የሚያመላልሰው ፍሎየም ውኃ ከሚወስደው ዛይለም ውጭ ብቻ ሳይሆን በውስጥ በኩልም አለ። በሎሚና በጤና አዳም ውስጥ ያለው ከውጭ ብቻ ነው። የዱሮ ተመራማሪዎች በዚህ የውስጥ ፍሎየም ተመርተው ባሕር ዛፍን፣ ዘይቱንን፣ ዶቅማንና ሮማንን አቀራረቡ። ሮማን! በመልክ ምን ያገናኘዋል? ዲኤንኤው ሲነበብ አራቱም አንድ ክፍለ መደብ (ብዙ ቤተሰቦችን የሚሰበስብ ክፍል) ውስጥ ተገኙ። ምላጩ ቀድሞ ተናግሮ ነበር።

ሁለተኛው የጓሮ ምሳሌ ነው። ፌጦ ስታኝኩ አፍንጫችሁን የሚነድለውን ታውቁታላችሁ። የሽፈራው ሥር እንዲሁ ያቃጥላል፤ የፓፓያ ፍሬ ውስጥ ያለችው ጥቁር ዘርም ብታኝኳት ቁንዶ በርበሬ ትመስላለች። ጎመንም ለስለስ ባለ መንገድ አለበት። ምክንያቱ አንድ ነው። እነዚህ ተክሎች ኢንዛይሙን ለብቻው በልዩ ሕዋሳት ያስቀምጣሉ፤ ሌላውን ቅመም ሌላ ክፍል ውስጥ። ሲታኘክ ግድግዳው ይፈርስና ሁለቱ ይገናኛሉ፤ ማቃጠሉ የሚወለደው ያኔ ነው። ፓፓያን ከጎመን ጋር የሚያዛምድ አበባ አይታይም፤ ሽፈራው ዛፍ ነው፣ ፌጦ ሣር የምታህል። ዲኤንኤው ግን አራቱን በአንድ ክፍለ መደብ አኖራቸው።

ስዊድናዊው ሊኒየስ በ1753 ዕፅዋትን ሲመድብ የወንዴ ዘንግ እየቆጠረ ነበር፤ ሶለሬደር የሚባል ጀርመናዊ ደግሞ በ1899 የየቤተሰቡን የውስጥ አሠራር ሰብስቦ አወጣ። የኋላ ሰዎች የተማሩት ከሁለቱም ነው። በእኛም አገር ከ1980 እስከ 2009 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተሠራው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት ታላቅ ሥራ መለያው በአብዛኛው አበባና ፍሬ ይጠይቃል። አበባ ከሌለህስ? ቅጠል ብቻ፣ እንጨት ብቻ፣ ዱቄት ብቻ ካለህስ?

ወሎየዋ፦
እኔ ሳይንስ አላውቅም፤ ቡና ለማፍላት የምጎዘጉዘውን ግን አውቃለሁ። ቄጤማ የሚሸጡልኝ ልጆች አንዳንድ ቀን ተራ ሣር ደባልቀው ያመጡልኛል። እኔ የማጣራው በእጄ ነው፦ ዘንጉን በሁለት ጣቴ መሐል አንከባልለዋለሁ። ቄጤማ አይንከባለልም፤ ሦስት ማዕዘን ነው፣ ይቆረቁራል። ሣር ግን ክብ ነው፣ ይዞራል። ደግሞ ቄጤማ ውስጡ ጥቅጥቅ ነው፤ ሣር ሲቆረጥ ቱቦ ነው። ልክ ነኝ ወይስ የአሮጊት ወሬ ነው?

ሁለተኛ፣ ልጄ ኮባን «ዛፍ አይደለም» ትለኛለች። ግንዱን አቅፌ ሁለት እጄ አልደረሰም፤ እንዴት ነው ዛፍ የማይሆነው? ለዳቦ ቅጠሉን ስንቆርጥ ግንዱንም አውቀዋለሁ።

የሐይቁ መምህር፦
እትዬ፣ ልክ ነዎት፤ እንዲያውም እኔ ክፍል ውስጥ ከምነግራቸው በተሻለ ነገሩን። የቄጤማ ቤተሰብና የሣር ቤተሰብ ጎረቤታሞች ናቸው፣ አንድ ክፍለ መደብ ውስጥ ይገኛሉ፤ ግን የሚለያቸው እርስዎ በጣትዎ ያገኙት ነው። ቅጠላቸውንም ይቁጠሩ፤ ቄጤማ በሦስት አቅጣጫ ያወጣል፣ ሣር በሁለት።

ልጅዎም ልክ ናት። ኮባን የሚያቅፉት ግንድ ሳይሆን የቅጠል እግሮች ናቸው፤ አንዱ ሌላውን እየጠቀለለ የቆመ ጥቅል ነው። የሚቀጥለውን ጊዜ ቅጠል ሲቆርጡ የእግሩን አግድም ቁራጭ ይመልከቱ፤ እንደ ማር እንጀራ ክፍል ክፍል ሆኖ አየር የተሞላ ነው። እንጨት የሚያበዛው የሕዋስ ቀለበት በኮባ ውስጥ የለም። ዳቦ የምንጠቀልልበት ቅጠልም ነፋስ ሲነካው በደም ሥሮቹ መሐል ተቀዶ የሚንጠለጠለው ደም ሥሮቹን አቋርጦ የሚይዘው ጠንካራ መረብ ስለሌለው ነው።

እግረ መንገዴን፣ እሬትንና ቃጫንም እንደዚያ ያምታታሉ። ሁለቱም ወፍራም፣ ሹል ቅጠል አላቸው። እሬቱን ሲሰብሩት ቀጭ ብሎ ይሰበራል፤ ከደም ሥሮቹ አጠገብ ካሉ ሕዋሳት ያ ቢጫ መራራ ፈሳሽ ይወጣል። ቃጫው አይሰበርም፤ ክር ክር ሆኖ ይንጠለጠላል።

ወሎየዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ልጄን ግን አልነግራትም፤ ዛሬውኑ ትኮራብኛለች።

ቦረና ሳይንት፦
ክሩን ከመጀመሪያው እያነበብሁ ነበር። እኔ ያለኝ ቅጠልም አበባም አይደለም፤ ከዘራ ነው። የአያቴ ነው። አባቴ ዘንድ መካነ ሰላም ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይኖራል። ከልጅነቴ ጀምሮ የሰማሁት «የወይራ ከዘራ ነው፣ አያትህ ከፈረስ ወድቆ እንኳ አልተሰበረም» የሚለውን ነው። ሠርግም ሐዘንም ላይ ይወጣል። አሁን ለጥገና ደሴ አምጥቼዋለሁና አንድ ጓደኛዬ አይቶ «ወይራ አይደለም» ብሎ አስቆጣኝ። ሳይበላሽ ማወቅ ይቻላል?

አናጢው ከፒያሳ፦
ይቻላል። አርባ ዓመት እንጨት ላይ ነኝ፤ ማይክሮስኮፕ የለኝም፣ አንድ አሥር እጥፍ የሚያጎላ ሌንስ አለኝ፣ በእሱ እንጀራ እበላለሁ።

አንድ ጊዜ አንድ ነጋዴ «ዋንዛ ነው» ብሎ ቀለም የነካካው ጣውላ ሸጠልኝ። ለገዢ ካቢኔት ሠራሁበት፤ ሦስት ወር ሳይሞላ ጠመመ። ገንዘቡን ከኪሴ መለስሁ። ከዚያ ወዲህ ያልቆረጥሁትን አልገዛም።

አሠራሩ ይህ ነው። የእንጨቱን ጫፍ፣ ማለትም አግድም የተቆረጠውን ፊቱን፣ በአዲስ ምላጭ ትንሽ ቦታ ላጭተህ አለስልሰው። መጋዝ የነካው ፊት ምንም አያሳይም፤ ምላጭ መሆን አለበት። በምራቅህ እርጥብ አድርገው። ከዚያ ሌንሱን ዓይንህ ጋር አስጠግተህ እንጨቱን ወደ ሌንሱ አምጣ።

ጥድና ዝግባ ከሆነ ቀዳዳ የሚባል ነገር አታይም፤ እንደ ሰም ለስልሷል። ሁለቱ አበባ የማያወጡ ወገን ናቸው፤ ውኃ የሚወስዱት በትልልቅ ቱቦ ሳይሆን ዓይን በማይለያቸው ቀጫጭን ሕዋሳት ነው። ጥዱ መሐሉ ቀላ ያለ ነው፣ ይሸታል፤ ዝግባው ገርጣ ያለ ነው፣ ሽታ የለውም። ዋንዛ ከሆነ ቀዳዳዎቹን ያለ ሌንስም ታያቸዋለህ። ባሕር ዛፍ ቀዳዳዎቹ ጥንድ አይሆኑም፤ አንድ አንድ ሆነው በሰያፍ መስመር ይቆማሉ። እኔን ያታለለኝ ጣውላ እንዲያ ነበር፤ ቀድሜ ባየው ኖሮ። ወይራ ደግሞ ቀዳዳው እጅግ ጥቃቅን ነው፤ በሌንስም ተቸግረህ ነው የምታየው፤ ጥቂት ጥቂት ሆነው በአጭር ሰንሰለት ከመሐል ወደ ውጭ ይደረደራሉ። ግራር ከሆነ አትሳሳትም፤ እያንዳንዷ ቀዳዳ በዙሪያዋ ነጣ ያለ ክፈፍ አላት፤ አንዳንዴም ክፈፎቹ እርስ በርስ ተያይዘው መስመር ይሠራሉ።

ከዘራህ ታች ጫፉ ላይ ብረት ካለው ብረቱን አውልቀህ እዚያ ውስጥ ላጨው። ብረቱን ስትመልሰው ማንም አያይም። ፎቶ አንሥተህ እዚህ አስቀምጥ።

ጦሳ ሥር፦
ጋሼ፣ ይህ ሌንስ ስንት ነው? ለመግዛት ነው የምጠይቀው።

አናጢው ከፒያሳ፦
ናና እሰጥሃለሁ። ሁለት አለኝ።

ባቲ ሰኞ፦
መምህር «ዱቄት ብቻ ካለህስ» ስላሉ የራሴን ልጨምር። ቤተሰባችን ቅመም ይነግዳል። ከአንድ ጅምላ ሻጭ የተፈጨ በርበሬ ገዝተን ደንበኞቻችን «ወጡ ገንፎ ይሆናል» ብለው መለሱልን። ያን ጊዜ ማረጋገጫ አልነበረንም፤ ዝም ብለን ከሰርን። በኋላ አንድ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ዘዴውን አሳየኝ። የበርበሬውን ዱቄት ትንሽ ውኃ ላይ ታደርግና አዮዲን ጠብ ታደርጋለህ። የበሰለ በርበሬ ስታርች እምብዛም የለውም። ዱቄት ከተጨመረበት ግን ጥቁር ሰማያዊ ነጥቦች ይሞሉታል። ማይክሮስኮፕ ካለህ የምን ዱቄት እንደሆነም ይለያል፦ የስንዴ ቅንጣት ክብ ሆኖ ትልቅና ትንሽ ተደባልቆ ይታያል፤ የበቆሎው ማዕዘን ማዕዘን አለው፤ የባቄላው ኩላሊት ይመስልና መሐሉ ይሰነጠቃል፤ የድንቹ ትልቅ ነው፣ እምብርቱ ወደ አንድ ጫፍ ይሄዳል። እንግዲህ ይህም የዕፅዋት ምደባ ከሆነ እኛ ነጋዴዎችም ውስጡ አለንበት።

የሐይቁ መምህር፦
በሚገባ! ይህን ተማሪዎቼ ጋ ወስጄ አሠራዋለሁ። ከየቤታቸው በርበሬ ያምጡ ብል ግን ከእናቶች ጋር እጣላለሁ።

ቦረና ሳይንት፦
ይኸው ፎቶው። ብረቱን አወለቅሁ፣ ምላጩን አዲስ ነው ያደረግሁት፣ እጄ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ጋሼ፣ እኔ የማየው ቀዳዳዎቹ ያን ያህል ጥቃቅን አይደሉም። ዙሪያቸውም ነጣ ያለ ነው። ስህተት ሠርቼ ይሆን?

አናጢው ከፒያሳ፦
ስህተት የለህም። ጥሩ አድርገህ ላጭተኸዋል፤ ከልጆቼ ይሻላል። ሰንሰለት የለም። ክፈፉ ግልጽ ነው፣ በስተግራ በኩል ሦስቱ ተያይዘዋል። ወይራ አይደለም፤ ግራር ነው። ግራርም ጠንካራ ነው፤ ከፈረስ መውደቁን ይችለዋል።

የሐይቁ መምህር፦
ፎቶውን አይቼዋለሁ፤ ከጋሼ ጋር እስማማለሁ። የሚያስፈልገን ምስክር ብዛት ካነሰ መዓዛውንና ክብደቱንም ማየት ይቻላል፤ ግን ክፈፉ በቂ ነው።

ቦረና ሳይንት፦
ከዘራውን ይዤ ትናንት መካነ ሰላም ገባሁ። ብረቱን በደንብ መትቼ መልሼዋለሁ። አባቴ ከእጄ ተቀበለኝ፣ ከላይ እስከ ታች በመዳፉ ዳሰሰው፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣው። «ወይራ እኮ አያረጅም» አለኝ።

«አያረጅም» አልሁት፤ ሚስማሩ ላይ መልሼ ሰቀልሁት።